የቆሽት ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝልዎ ጤነኛው አካል ይተርፍ እንደሆነ እንዴት ይጠይቁ?

የቆሽት ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል ከተባሉ፣ ከመስማማትዎ በፊት የበሽታውን ዓይነት በትክክል ይወቁ፤ ምን ያህል አካል ማትረፍ እንደሚቻል የሚወስነው በዋናነት እሱ ነውና። ለቆሽት ራስ ካንሰር የተለመደው የዊፕል ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ የቆሽቱን ራስ፣ ዱዎዲነም የተባለውን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞት ቱቦውን የታችኛውን ክፍል አብሮ ያወጣል፤ በዚህ ሕመም ላይ ቆጥቦ መቁረጥ የካንሰሩን ቅሪት በውስጥ ሊተው ስለሚችል አይመከርም። ሥር ለሰደደ የቆሽት ብግነት፣ ካንሰር ላልሆኑ ዕጢዎችና ለአንዳንድ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ግን ይህን ሁሉ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም።

የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ምስልዎን ይዘው፣ ዕጢው የት እንዳለና ከዋናው የቆሽት ቱቦ ምን ያህል እንደሚርቅ ሐኪሙ በምስሉ ላይ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ኢንሱሊን በብዛት እያመነጨ የደም ስኳርን የሚጥለው ኢንሱሊኖማ፣ በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነና ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ በመሆኑ፣ ከቱቦው ራቅ ካለ ዕጢው ብቻ ተፈልቅቆ ይወጣል። ርቀቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ቱቦው የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል፤ ለዚህም ነው ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ከተከፈተ በኋላ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን ቆሽቱ ላይ አሳርፎ ቱቦውን የሚፈልገው።

ሕመሙ ከጣፊያ አጠገብ ባለው የቆሽቱ ጭራ በኩል ከሆነ፣ ጣፊያው አብሮ ይወጣ እንደሆነ ይጠይቁ። የጣፊያውን ዋና የደም ሥሮች ሳይቆርጡ፣ አለዚያም ቆርጠው በአነስተኛዎቹ የደም ሥሮች እንዲመገብ በማድረግ ጣፊያውን ማትረፍ ይቻላል። ሊወጣ የሚችል ከሆነ የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትርና ሂብ (Hib) የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከሉ ክትባቶችን ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብለው ይውሰዱ፤ ከወጣ በኋላም ትኩሳት በተሰማዎ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ሥር በሰደደ ብግነት የቆሽቱ ራስ አብጦ ሕመሙ ዕረፍት ለሚነሳቸው ሰዎች፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ቤገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዱዎዲነሙን ሳይነኩ የቆሽቱን ራስ አብዛኛውን ክፍል የሚያወጡበትን ዘዴ አስተዋውቀዋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ፍሬይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቆሽቱን ራስ መሐል ቦርቡሮ ቱቦውን በርዝመቱ ከፍቶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ዘዴ አቅርበዋል።

አካል ማትረፍ ከችግር ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። በተለይ ዕጢ ተፈልቅቆ ሲወጣ ወይም የቆሽቱ መሐል ብቻ ሲቆረጥ የቆሽት ፈሳሽ የማፍሰስ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሆድ ውስጥ የማፍሰሻ ቱቦ ሊቀመጥ ይችላል። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ በፈሳሹ ውስጥ ያለው አሚሌዝ (ቆሽት የሚያመነጨው ኢንዛይም) በደም ውስጥ ካለው ጤናማ መጠን ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ከሆነ ፍሰት መኖሩን ስለሚጠቁም፣ የማፍሰሻው ቱቦ ቶሎ እንዲወጣልዎ አይወትውቱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የደም ስኳርዎን ያስመርምሩ፤ አልኮልና ሲጋራ ፈጽመው ይተዉ። ሰገራዎ ቅባት ከበዛበት ወይም ክብደትዎ ከቀነሰ የኢንዛይም እንክብል ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ የሚዋጠው ምግብ ሲጀመርና በመሐሉ እንጂ ከበሉ በኋላ አይደለም። እንክብሉ በአብዛኛው ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ በመሆኑ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላልና፣ በዝምታ ከመተው ይልቅ ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሸኽዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት። የፓቶሎጂ ውጤቱንም (የተቆረጠው አካል በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚሰጠውን) በእጅዎ ሳያስገቡ ክትትልዎን አያቋርጡ፤ በተቆረጠው ክፍል ላይ ካንሰር ከተገኘ ሰፋ ያለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።