በሰመጠ መርከብ ሀብት ላይ ድርሻ ከመግዛትዎ በፊት ምን መመርመር አለብዎት?

ወርቁ እውነተኛ መሆኑ ብቻ ገንዘብዎን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1857 ከአሜሪካዋ ካሮላይና ጠረፍ ርቃ የሰመጠችው መርከብ «ሴንትራል አሜሪካ» የጫነችው ወርቅ በ1988 ተገኘ፤ ለፍለጋው 161 ሰዎች 12.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ነበር። ከዚያ 39 የመድን ድርጅቶች «ለጠፋው ወርቅ ካሳውን የከፈልነው እኛ ነን» ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ወርቁ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ እንኳ አዋጪዎቹ ድርሻቸውን አላገኙም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የማን ነው? ማንስ ቀድሞ ይከፈለዋል?» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ይለዩ። የመንግሥት የጦር መርከብ ከሆነ ይተዉት፤ ዘመን ስላለፈ ብቻ የመንግሥት ንብረትነቱ አይቀርም። በ1804 የሰመጠችው የስፔን «መርሴዴስ» ምስክር ናት፦ አንድ ኩባንያ በ2007 ወደ 594,000 ሳንቲሞች አወጣ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤትም ሁሉንም ለስፔን እንዲያስረክብ አዘዘ።

ቀጥሎ መርከቡ ያረፈበትን ውኃ ይጠይቁ። በአሜሪካ ጠረፍ አቅራቢያ፣ ለምሳሌ ፍሎሪዳ፣ ያለ ግዛቱ ፈቃድ አይሠራም፤ ግዛቱም ከሚገኘው እስከ 20 በመቶ ይወስዳል። የ2001ን የዩኔስኮ ስምምነት በተቀበሉ አገሮች ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ የቆየ ቅርስ ለንግድ አይውልም።

ፍርስራሹ ተገኝቷል ካሉዎት የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። የቦታው አድራሻ በምስጢር ሊያዝ ይችላል፤ የመዝገቡ ቁጥር ግን ምስጢር አይደለም። መዝገብ ከሌለ የሚገዙት ሀብት ሳይሆን ፍለጋ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፍፍሉ ላይ ነው። ዕቁብ ላይ ተራዎ ይደርሳል፤ እዚህ ግን ከፊትዎ የተሰለፉት ከጨረሱት የሚተርፍ የለም። እንዲህ ያስሉት፦ 10 ሚሊዮን ዶላር ተዋጥቶ አዋጪዎች 40 በመቶ ተሰጣቸው እንበል። ግኝቱ 50 ሚሊዮን ቢያወጣ የግዛቱ 20 በመቶ ሲነሳ 40 ይቀራል። ጠበቃ፣ መርከብና ነዳጅ፣ ጥገና፣ የጨረታ ኮሚሽን 25 ሚሊዮን ቢበሉ ቀሪው 15 ነው። የአዋጪዎቹ 40 በመቶ 6 ሚሊዮን፤ ካዋጡት ያነሰ። ውሉ ክፍፍሉ ወጪ ሳይነሳ ወይስ ከተነሳ በኋላ እንደሆነ፣ የእርስዎ ዋና ገንዘብም ከፍለጋው መሪዎች ድርሻ በፊት እንደሚመለስ በግልጽ ይናገር።

ግምቱንም አይመኑ። ወርቅ የባሕር ውኃ አይጎዳውም፤ ብር ግን ይበላል፣ ሳንቲሞቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ጥቁር ቋጥኝ ይሆናሉ። አጽድቶ ማዳኑ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሸጥም ዋጋው ይወርዳል።

በመጨረሻ ሻጩ በአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ዘንድ «ቅጽ ዲ» የተባለውን የድርሻ ሽያጭ ማሳወቂያ ማስገባቱን በነፃ ይፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቅጹ መግባቱ ግን ተቆጣጣሪው ሥራውን መርምሮ አጽድቋል ማለት አይደለም። ድርሻውን መልሶ መሸጥም አስቸጋሪ ስለሆነ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ገንዘብ እዚህ አይግባ።