ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ላንድ ክሩዘር

ከፊልድ የተመለሰ ላንድ ክሩዘር ጋራዥ ሲገባ ሹፌሩ ምን እንደሚለኝ ገና ሳይወርድ አውቀዋለሁ። «ባትሪ ቀይሬም አልነሳ አለኝ።» የማወራው ስለ አሮጌው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዜድ ስለሚባለው ነው። ሞተሩ ራሱ ቶሎ እጅ አይሰጥም። አስቸጋሪው ሞተሪኖው፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ነው።

ቁልፍ ስታዞሩ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ድገሙት። መብራቱ ከደከመ ባትሪው ወይም ገመዱ ነው። ፍንክች ካላለ መጀመሪያ ማሳውን፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን፣ ፈትሹ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፍ አዙሩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ዝጓል፤ ፍቱና አጽዱት። ማሳው ደህና ከሆነ፣ በተለይ አሥሬ ሲዞር አንዴ የሚነሳ ከሆነ፣ የሞተሪኖው ኮንታክት ተበልቷል።

ከሞተሪኖው ጀርባ ባለችው ክብ ክዳን ሥር ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ ኮንታክት የምንላቸው እነሱን ነው። ቁልፍ ሲዞር ጫፉ ላይ ዲስክ ያለው ዘንግ ይመጣና ያገናኛቸዋል። በተነሳ ቁጥር ብልጭታው ይበላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የባትሪው ገመድ የታሰረበት ነው። ሌላኛው አዲስ ይመስላል፤ ሰው የሚሸወደውም እሱን አይቶ ነው።

አንዱ ከጂንካ የመጣው በሁለት ወር ሦስት ባትሪ ገዝቷል። የሦስተኛው ፕላስቲክ ገና አልተላጠም። ክዳኑን ስከፍት አንዱ ኮንታክት እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቦርቡሯል፣ የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ የወንዝ ጭቃ ገብቷል። የሦስት ባትሪ ዋጋ ለዚህች ቁራጭ መዳብ!

ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ባለ ሁለት ባትሪ ከሆነ የሁለቱንም። ይህን የናቀ ልጅ መፍቻው ሻንሲ ነክቶበት እንደ ብየዳ ተጣብቆ ቀርቷል። ሁለቱንም ኮንታክትና ዘንጉን አብራችሁ ቀይሩ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ ዲስኩ ይንጋደዳል። በሞረድ መሞረድ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ነው እንጂ ጥገና አይባልም። ኮንታክቱ የሚታሰርበትን ቡሎን ፕላስቲክ መከለያ በቦታው መልሱ፤ ካልመለሳችሁ ፖዘቲቩ ከሞተሪኖው አካል ጋር ይገናኛል። ዕቃ ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ኮንታክቱን ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ፎርጅዱን ለሻጩ መልሱለት።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ እምቢ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ተነቅላ ይሆናል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላውን እዩ።

ከጥገና በኋላ ደግሞ የሞተሪኖውን ቡሎኖች በካቻቢቴ አገናኝታችሁ አትሞክሩ። የኛው ልጅ ማርሽ ውስጥ መሆኑን ሳያይ ሞክሮ መኪናው ዘለለ። የመከላከያው ቅርጽ እስካሁን የጋራዡ በር ላይ አለ።