የቮልስ የእጅ ፍሬን ካቦ አቀያየርና አስተካከል

ቮልስ የእጅ ፍሬኑ ሲላላ አብዛኛው ሰው የሚሄደው እጀታው ሥር ወዳሉት ሁለት ዳዶዎች ነው። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ፍሬኑ ለጥቂት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ይላላል፣ አልፎም ታምቡሮው (ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ፍሬኑ ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት) መጋል ይጀምራል። ካቦ፣ ማለትም ከእጀታው ወደ ጎማው የሚሄደው የብረት ገመድ፣ የተሠራው የሸራን (ታምቡሮውን ታክኮ የሚያቆመውን የፍሬን ንጣፍ) መበላት ለማካካስ አይደለም። ሸራው ሲያልቅ የሚስተካከለው ታምቡሮው ውስጥ ባሉት ጥርሳም ማስተካከያዎች ነው። ካቦውን ብቻ ካሳጠሩት ሸራውን የሚገፋው ትንሽ ክንድ እጀታው ወርዶም ቢሆን እንደተሳበ ይቀራል፤ ሸራውም ወደ ማረፊያው መመለስ አቅቶት እየታከከ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ፣ ከዚያ ካቦ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ቮልስ ላይ ካቦው ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ አንድ። ከእጀታው ሥር ተነስተው በወለሉ መሃል ባለው ቱነል ውስጥ በተበየዱ ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋሉ፤ ከኋላ ሲወጡ በተጣጣፊ ሽፋን ተጠቅልለው የፍሬኑ ሳህን (ከታምቡሮው ጀርባ ያለው፣ ሸራዎቹ የተገጠሙበት ብረት) ውስጥ ይገባሉ። ውኃና ጭቃ የሚገባው እዚህ ኋላ ላይ ነው። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ አንድ ክረምት ካቦውን ለማዛግ ይበቃል።

ካቦው መቀየር እንዳለበት ለማወቅ የኋላ ጎማዎቹን አንስተው እጀታውን ይሳቡና ይልቀቁ። አንደኛው ጎማ ወዲያው ተለቆ ሌላው እንደተያዘ ከቀረ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ውስጥ የዛገ ካቦ ነው። የተበጣጠሱ ክሮች ከታዩ ወይም የካቦው ጫፍ ጥርስ አልቆ ዳዶው የሚሄድበት ከሌለ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አዲስና አሮጌ ካቦ እኩል አይለጠጡም፤ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ካቦ ይዘው ይሂዱ። የካቦው ርዝመት እንደ ሞዴሉ ዘመን ስለሚለያይ «የቮልስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ጎን ለጎን ዘርግተው የሽቦውን ርዝመት፣ የሽፋኑን ርዝመትና የጫፉን ቅርጽ ያመሳስሉ። ከካቦው ሌላ ሁለት አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳው የሚያልፍ ፒን)፣ ግሪስ፣ የ36 ቡሶላ፣ 10 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት ማቆሚያ) እና ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ መደገፊያ) ያዘጋጁ።

መፍታት

የኋላው ትልቅ ዳዶ እጅግ ጠብቆ የታሰረ ስለሆነ ጎማው መሬት ላይ እያለ መላላት አለበት። ኮፒሊያውን ያውጡ፣ መኪናውን ማርሽ ውስጥ ያስገቡ፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ፤ ከዚያ ቡሶላው ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብተው ያላሉት። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ይህን ዳዶ መታገል ሰው ይጎዳል። ዳዶው ከላላ በኋላ መኪናውን አንስተው ካቫሌቶ ላይ ያሳርፉ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ማርሹንም ዜሮ ያድርጉ።

ጎማውን ያውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁና ታምቡሮውን ይሳቡ። አልወጣም ካለ ሸራው የታምቡሮውን ግድግዳ በልቶ ጠርዝ ስለሠራ ነው፤ በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅ ማስተካከያዎቹን ወደ ኋላ መልሰው ሸራውን ያሰብስቡ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ታምቡሮው ሲወጣ ከምንም በፊት ሸራውን ይመልከቱ። በካምቢዮ ዘይት ወይም በፍሬን ዘይት የራሰ ሸራ የትኛውንም ካቦ ቢያስሩለት አይዝም። የመጀመሪያው ከፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግደው ጎማ)፣ ሁለተኛው ከጎማው ሲሊንደር ነው የሚመጣው። ምንጩ ሳይዘጋ አዲስ ካቦ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ውስጥ ገብተው የእጀታውን ጎማ ሽፋን ወደ ላይ ይግለጡ። ሁለት ጥርሳም ጫፎች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ማስተካከያ ዳዶና መቆለፊያ ዳዶ ይታያሉ። የካቦው ጫፍ ላይ ለካቻቢቴ የተሰነጠቀ ቦታ አለ፤ በእሱ ይዘው ዳዶዎቹን በ10 ቁልፍ ይፍቱ። ካልያዙት ካቦው አብሮ ይጠማዘዛል፣ ክሮቹም ይበተናሉ። ቀጥሎ ኋላ ሄደው የካቦውን ጫፍ ከሸራው ክንድ ያላቁ፣ ሽፋኑን ከሳህኑ ጋር የያዘውን ማሰሪያ ይፍቱ፣ ሽፋኑን ከቱቦው ነቅለው ሽቦውን ወደ ኋላ ይሳቡት። ከመሳብዎ በፊት ከፊት ባለው ጫፍ ላይ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ ቢያስሩ ጥሩ ነው። ቱነሉ ውስጥ ያለው ቱቦ ብየዳው ለቆ ከሆነ አዲሱን ካቦ የሚመራዎት ይህ ሽቦ ብቻ ነው።

መግጠም

አዲሱን ሽቦ በሙሉ ግሪስ ይቀቡ፤ ሽፋኑ ውስጥም እስኪጠግብ ያስገቡ። ካቦውን ከኋላ እያዞሩ በቀስታ ይግፉት። ከቆመ በፒንሳ አይግፉ፤ አንዴ የታጠፈ ሽቦ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ጫፉ እጀታው ሥር ደርሶ አልወጣም ካለ የእጀታውን ማጠፊያ ፒን አውጥተው እጀታውን ያንሱ። ያን ጊዜ የእጀታው ጫፍ ላይ ያለውን መልቀቂያ ቁልፍ አይጫኑ፤ ውስጥ ያለው ጥርሳም ብረት ተንሸራቶ ይወድቃል። ፒኑን ሲመልሱ ግሪስ አይርሱ።

ከኋላ ጫፉን ክንዱ ላይ ያንጠልጥሉ፣ ሽፋኑን ከሳህኑ ጋር ይሰሩ፣ በሁለቱ ሸራዎች መካከል ያለው አግዳሚ ብረትና ሞላዎቹ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን ይዩ። ታምቡሮውን መልሰው ትልቁን ዳዶ በ30 ኪሎግራም ሜትር ይሰሩ። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አንድ ሜትር በሆነ ቧንቧ ጫፍ ላይ የ30 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። ይህንንም ጎማው ከገባ በኋላ መሬት ላይ አውርደው ይጨርሱት። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ያጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አያላሉ። በደንብ ያልታሰረ ዳዶ የታምቡሮውን ጥርስ ይበላል፤ ጥርሱ ካለቀ ጎማው አይነዳም።

ማስተካከል

የእጀታው ዳዶዎች እንደላሉ ይቆዩ። መኪናውን እንደገና አንስተው በሳህኑ ወይም በታምቡሮው ላይ ባለው ቀዳዳ (እንደ ሞዴሉ ዘመን ይለያያል) ካቻቢቴ ያስገቡ። በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለ፤ የሚዞሩትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንዱን ጎማው በትንሹ መታከክ እስኪጀምር ያጥብቁ፣ ከ3 እስከ 4 ጥርስ ይመልሱ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በመካከል የእግር ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ፤ ሸራዎቹ መሃላቸውን ይይዛሉ። ይህን ያልረገጠ ሰው ያስተካከለ መስሎት ይነሳና ነገ እጀታው እንደገና ረዝሞ ያገኘዋል።

አሁን ወደ እጀታው ይመለሱ። እጀታውን 2 ጥርስ (ሁለት ጠቅታ) ስበው ሁለቱን ጎማዎች በእጅ ያዙሩ፤ ሁለቱም እኩል መክበድ አለባቸው። ቀለል ያለውን ወገን ዳዶ ጥቂት ያጥብቁና እንደገና ይሞክሩ። 4 ጥርስ ላይ ሁለቱም ጎማ በእጅ መዞር የለባቸውም። ሁለቱን ካቦዎች የሚያገናኘው ሚዛን ብረት ደግሞ አግድም መተኛት አለበት፤ ካዘነበለ አንዱ ካቦ ከሌላው በላይ ተስቧል። ሁሉም ሲስማማ ካቻቢቴውን ሳይለቁ መቆለፊያ ዳዶዎቹን ያጥብቁ፣ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ያውርዱና ጎማዎቹ ያለ ምንም መታከክ መዞራቸውን ያረጋግጡ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሁለቱን የኋላ ቸርኬዎች በእጅዎ ይዳስሱ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ያ ወገን እየታከከ ነው፤ መጀመሪያ ማስተካከያውን 1 ጥርስ መልሰው ይሞክሩ፣ ካልተለወጠ ሽፋኑ የሆነ ቦታ ታጥፎ ካቦውን እንደያዘው ይፈትሹ። አዲስ ካቦ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የ2 እና የ4 ጥርሱን ፈተና ይድገሙት። ያን ጊዜ ሸራው በትክክል ተስተካክሎ ከሆነ ዳዶውን ጥቂት ማዞር ይበቃል።