ስሙ አልገኝ ያላችሁ ጢንዚዛ፦ ችግርና መፍትሄ ከሐዋሳ

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሐዋሳ ላይ በረንዳ መብራት አብርቶ መቀመጥ ከጢንዚዛ ጋር መቀመጥ ነው። አንዱ ግድግዳ ይጋጫል፣ ሌላው ሻይ ውስጥ ይገባል። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ስልኩን የሚያወጣ ብዙ ነው፤ መልስ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ዋናው እንቅፋት አንድ ነው፤ መጀመሪያ የምናየው ቀለሙን ነው። ቅርጹ ይቅደም፣ ቀለሙ ይከተል።

ጢንዚዛ መስሎኝ ፈለግሁ፣ የሚመስለው ግን አጣሁ

ምናልባት ጢንዚዛ አይደለም። ጀርባውን ተመልከቱ። የጢንዚዛ የላይኛው ጥንድ ክንፍ ጠንክሮ ክዳን ሆኗል። ሁለቱ ክዳኖች መሃል ላይ ይገጥሙና ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የበረሮ ክንፍ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ጓሮ አትክልት ላይ የሚገኙት፣ ሲነኳቸው የሚገሙት ጠፍጣፋ ነፍሳትም ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ። እነሱ ጀርባቸው ላይ ሦስት ማዕዘን አለ፣ የክንፋቸው ጫፍም ስስ ነው። ከሥር ስታዩዋቸው መርፌ የሚያክል መምጠጫ ደረታቸው ላይ ታጥፎ ይታያል። ጢንዚዛ ያለው መንጋጋ ነው።

ጉንዳን ይመስላል፣ ብርቱካናማና ጥቁር ነው፣ በማግስቱ ቆዳዬን አቃጠለኝ

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ በሚል ስም የታወቀ ጢንዚዛ አለ። ርዝመቱ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጭንቅላቱና የሆዱ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቱና ሆዱ ብርቱካናማ ነው። የክንፍ ክዳኑ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይላል፤ በጣም አጭር ስለሆነ ሆዱ ተጋልጦ ይታያል። ሰው ጢንዚዛነቱን የሚጠራጠረው ለዚህ ነው። የላይኛውን መስመር ግን እሱም አለው፣ አጠረ እንጂ።

አይነክስም፣ አይናደፍምም። መርዙ ፔደሪን ይባላል፣ ያለውም ሰውነቱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው። አንገታችን ላይ ሲሄድ ጨፍልቀን ስናሸው ፈሳሹ ቆዳችንን ይነካል። ቶሎ ስለማያቃጥል ምክንያቱን አናውቀውም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ሰውም "ሸረሪት ሸናብኝ" ይላል።

መፍትሄው አለመጨፍለቅ ነው። እፍ በሉት፣ ወይም ወረቀት ላይ እንዲወጣ አድርጉና ውጭ ጣሉት። ከተጨፈለቀ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ እጠቡ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ፎጣውና የትራስ ልብሱም ይታጠብ። ዓይን አካባቢ ከሆነ ወይም ቁስሉ ከሰፋ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በዝናብ ወቅት ማታ ወደ መብራት ስለሚመጣ አልጋ አጠገብ ያለውን መብራት ማጥፋትና አጎበር መዘርጋት ይረዳል።

አበባ ላይ የሚቀመጠውን ጥቁር፣ ቢጫ ወይም ቀይ ቀበቶ ያለውን ጢንዚዛም በባዶ እጅ አትያዙት። አንገቱ ቀጭን፣ ክዳኑ ለስለስ ያለ ከሆነ ሲነካ ካንታሪዲን የተባለ የሚያቆስል ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ያወጣል።

አንዱ ባለ ቀንድ፣ ሌላው ቀንድ የለውም። ሁለት ዓይነት ናቸው?

ላይሆኑ ይችላሉ። በብዙ የእበት ጢንዚዛዎች ዘንድ ቀንድ የሚያወጣው ወንዱ ነው። መጠንም ያሳስታል። ትንሹን ጢንዚዛ የትልቁ ልጅ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ጢንዚዛ ግን እንደ ጥጃ አያድግም። ከእንቁላል እጭ ይወጣል፣ እጩ ሙሽሬ (ወደ ጢንዚዛ የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል፣ ከሙሽሬው የሚወጣው ጢንዚዛ መጠኑ በዚያው አለቀ። እጭ ሳለ በደንብ የበላ ትልቅ፣ የተራበ ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ገና የወጣ ጢንዚዛ ደግሞ ገርጥቶ ይቆያል፣ ቀለሙ የሚጠቁረው ቆይቶ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የአገራችን ክፍል ማሽላ ያስቸገረውን ፓክኖዳ የተባለ ጢንዚዛ ብታዩ፣ የአንድ ዝርያ ሆነው ሳለ የጀርባቸው ቢጫና ጥቁር ንድፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

ስለዚህ ከቀለም ይልቅ አንቴናውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጫፉ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ንጣፎች ካሉት ስካራብ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ የእበት ጢንዚዛም ፓክኖዳም እዚያው ናቸው።

ቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጠቃሚ ናት ሲሉኝ ቅጠሌን በላችብኝ

ክብ ከሆኑት ነጠብጣባሞች አብዛኞቹ ክሽክሽ ይበላሉ፤ ለአትክልት ባለውለታ ናቸው። ቅጠል በሎቹ ግን ክዳናቸው አያብረቀርቅም፣ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አጫጭር ፀጉር ለብሰዋል። የሚያብረቀርቁትን ተዉአቸው። እጫቸው ትንሽ አዞ ይመስላልና ሰው ደንግጦ ይገድለዋል፤ እባካችሁ እሱንም ተዉት።

ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ መለየት አቃተኝ

ታቦር ተራራ ላይ ድንጋይ ስታነሱ የሚገጥማችሁ ይህ ነው። የእግሩ ጫፍ ላይ ያሉትን ትናንሽ አንጓዎች ቁጠሩ። በሁሉም እግሮች አምስት አምስት ከሆኑ፣ ሯጭ ከሆነና መንጋጋው ወደፊት ከወጣ ካራቢድ ከሚባለው አዳኝ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። የፊትና የመሃል እግሮች አምስት፣ የኋላዎቹ አራት ከሆኑ ቴኔብሪዮኒድ ወደሚባለው ወገን ያደላል። በጀርባው ሲወድቅ ቀጭ ብሎ ወደ ላይ ከተፈናጠረማ ሌላ ምልክት አያስፈልግም፤ ኤላቴሪድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው።

ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ረጋ ባለው ውኃ ውስጥ ያገኛችሁት ከሆነ አዋዋኙን እዩ። የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ የሚቀዝፈውና አየር ለመውሰድ ቂጡን ወደ ላይ የሚያወጣው ዲቲሲድ ነው። እግሮቹን እያፈራረቀ የሚዋኘውና ለአየር በጭንቅላቱ በኩል የሚወጣው ሃይድሮፊሊድ ነው።

አፑ በየፎቶው የተለያየ ስም ይሰጠኛል

ነፍሳትን የሚለዩ የስልክ አፖች የሚማሩት ከፎቶ ነው፤ ከአገራችን የሚገባው ፎቶ ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ በአካባቢያችን ለሌለ ጢንዚዛ የሚሰጥ ስም ይሰጣችኋል። ስም የወጣላቸው የጢንዚዛ ዝርያዎች 400,000 ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹን በፎቶ ብቻ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

ፎቶውን አስተካክሉ። ክዳኑ ስለሚያብረቀርቅ ፍላሽ አጥፉና ጥላ ውስጥ አንሱ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ፊቱና አንቴናው፣ ከተቻለ አንዱ ከሥር ይሁን። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። አላርፍ ካለ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፣ ከዚያ ያገኛችሁበት ቦታ መልሱት። መግደል አያስፈልግም። ቀኑን፣ ቦታውንና ምን ላይ እንደነበር ጻፉ፤ "አሞራ ገደል፣ የወደቀ ግንድ ሥር" የሚለው ለለዪው ከቀለሙ የበለጠ ይነግረዋል። አይናቹራሊስት (ፎቶ ጭነን ሌሎች ስሙን እንዲለዩልን የምንጠይቅበት አፕና ድረ ገጽ) ላይ ስትጭኑትም የዝርያውን ስም ካላወቃችሁ "ስካራብ" ብላችሁ ቤተሰቡን ብቻ አስገቡ። ትክክለኛው የቤተሰብ ስም ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ዘንድ ያደርሰዋል፤ በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ለቀጣዩ ሰው ስህተት ያቀብላል።