ሜልቦርን ውስጥ የተቀየረ መኪና ይዞ «ካናሪ» ሳይለጠፍበት እንዴት መንዳት ይቻላል

አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው የቦሎን ሩጫ ያውቃታል። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ የጎደለው ነገር በዓመት አንዴ ይጋለጣል። ሜልቦርን ግን ሌላ ነው። ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ለግል መኪና ዓመታዊ ምርመራ የለም። መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሮድወርዚ የሚባለው ወረቀት በዋናነት የሚፈለገው መኪና ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ሞላ ያሳጠረ፣ ማርሚታ የቀየረ ሰው ማንም ሳይነካው ዓመታት ይነዳል። መኪናውን መጀመሪያ የሚመረምርለት መንገድ ላይ ያስቆመው ፖሊስ ይሆናል።

ፖሊሱ ጉድለት ካገኘ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ መስታወት ላይም ተለጣፊ ያደርጋል። ቢጫ በመሆኑ የአገሩ ሰው በወፏ ስም «ካናሪ» ይለዋል። መድኃኒቱ ቦሎን ራስ ለራስ ማድረግ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።

1. ምን እንደተቀየረ ጻፉ። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ የጎማ መጠንና ንፋስ የተጻፈበት ምልክት ታገኛላችሁ። ፎቶ አንሱት። ከዚያ ከፋብሪካው የተለየውን ሁሉ መዝግቡ። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ደግሞ በደንብ ፈትሹ። እኔ ስገዛ ሻጩ «ሁሉም ሕጋዊ ነው» ብሎኝ ነበር። ከቸርኬው ኋላ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር የሚባል ብረት እንደተደረገ ያወቅሁት ጎማ ሳስቀይር ነው። ስፔሰር ደግሞ አይፈቀድም። «እኔ አልገጠምኩትም» ማለት ፖሊስ ፊት አያዋጣም።

2. ሜትር ይዛችሁ ተንበርከኩ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ባዶውን ለክታችሁ አትርኩ፤ እሁድ ቤተሰብ ጭናችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የሚኖረው ከፍታ ነው ዋናው። መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዙሩ። ጎማው ፓራፋንጎ ከነካ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ ችግር አለ። የጎማው ጥርስ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

3. መስታወቱን አስለኩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የፊት የጎን መስታወት ቢያንስ 35 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ቲንት (መስታወት የሚያጠቁረውን ፕላስቲክ) ለጣፊው «35 ነው» ሲላችሁ ግን የሚነግራችሁ የፕላስቲኩን ብቻ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ራሱ ጥቂት ብርሃን ይይዛል። መስታወቱ 80 በመቶ ቢያሳልፍና 35 የተባለው ቢለጠፍበት ውጤቱ 28 ነው። ፖሊሱ የሚለካው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ከተለጠፈ በኋላ በመሣሪያ አስለኩና ቁጥሩን በወረቀት ተቀበሉ።

መብራትም እንዲሁ። ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ ዜኖን ወይም ኤልኢዲ ከትቶ ማብራት አይፈቀድም። ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

4. የጭስ ማውጫው ድምፅ። እ.ኤ.አ. ከ1983 መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ገደቡ ቆሞ ሲለካ 90 ዴሲቤል ነው። ለአዲሶቹ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የጭስ ማጣሪያውን (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን) ያስወጣ ደግሞ ድምፁ ቢያልፍለት እንኳ አይድንም።

5. ወረቀት። ትንሽ ነገር ያለ ወረቀት ያልፋል። ሞተር መቀየር፣ ቱርቦ መጨመር፣ ወንበር መጨመርን የመሰለው ግን ቫስ በሚባለው አሠራር እውቅና ያለው መሐንዲስ አይቶ የምስክር ወረቀት ሊሰጥበት ይገባል። መሐንዲሱን ሥራው ሳይጀመር አማክሩት። ካለቀ በኋላ ሄዶ «ፍታው» መባል ኪስ ይጎዳል። ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ለኢንሹራንሱም አሳውቁ፤ ሳይነገረው የቆየ ለውጥ አደጋ ሲደርስ ካሳ ሊያስከለክል ይችላል።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ፒ ታርጋ የሚለጥፍ ጀማሪ ጉልበት ለመጨመር ሞተሩ የተቀየረ መኪና መንዳት አይችልም። በአንድ ቶን ከ130 ኪሎዋት በላይ ያለውም ክልክል ነው። የአባቱ መኪና ቢሆንም ያው ነው።

6. ካስቆሟችሁ። አትከራከሩ። ቲንቱ የተለካበትን፣ መሐንዲሱ የፈረመበትን አውጡና አሳዩ። እኔ እንዳየሁት ወረቀት ያለው ሰው ጋር ወሬው ያጥራል።

7. ከተለጠፈባችሁ። ማስታወቂያውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ጉድለቱ ቀላል ከሆነ መጠገኛ ጊዜ ይሰጣል። ከባድ ከሆነ መኪናው ከዚያ አይነዳም፤ ጎታች ትጠራላችሁ። «ቤቴ ቅርብ ነው» አይሠራም። ካስጠገናችሁ በኋላ ወረቀቱ በሚያዘው መሠረት አስመርምራችሁ አስነሱት። ተለጣፊውን ግን በጥፍራችሁም በሙቅ ውኃም አትላጡት። እሱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።