ጽሑፋችሁ ሲወሳሰብባችሁ መልኩን ቀይራችሁ እዩት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። «ጋሼ፣ ማውጫውን አስተካክልልኝ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ማውጫ መሥራት ለኮምፒውተሩ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የቱ ሐሳብ በየቱ ሥር እንደሚገባ መወሰን ነው። ለዚህ ደግሞ አንዱን ረቂቅ በተለያየ መልክ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች አሉ።

ሰሞኑን አንድ አስጎብኚ ልጅ ስለ ወሎ የሚጎበኙ ቦታዎች የጻፈውን ይዞ መጣ። አይጠየፍ አዳራሽ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ግሸን ማርያም፣ የገታ መስጊድ፣ ሁሉም አለ። ግን ተደበላልቋል። በእሱ ጽሑፍ ላሳያችሁ።

ከማይክሮሶፍት ወርድ ጀምሩ፤ ሁሉም ጋ ስላለ። ዋናው ርዕስ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮል፣ አልትና 1ን ተጫኑ። ንዑስ ርዕሱ ላይ 1ን በ2 ተኩ። ከዚያ ቪው ውስጥ ገብታችሁ አውትላይን የሚለውን ምረጡ። ሾው ሌቭልን 2 ስታደርጉት ሐተታው ይታጠፍና ርዕሶቹ ብቻ ይቀራሉ። አሁን አልትና ሺፍትን ይዛችሁ ቀስቶቹን ተጫኑ። የቀኙ ርዕሱን በደረጃ ዝቅ ያደርገዋል፤ የግራው ከፍ። የላይና የታቹ ቦታ ያስለውጡታል። የታጠፈ ርዕስ ሲንቀሳቀስ በሥሩ ያለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ይኼ እያለ ገጽ ሙሉ ከት እያደረጉ የሚያዘዋውሩ ሰዎችን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ወርድ ግን ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚያሳየው። የትኛው ክፍል እንደተንዛዛ፣ የትኛው ባዶውን እንደቀረ በአንድ እይታ አይነግራችሁም። እዚህ ላይ ፍሪፕሌን የሚባለው የሐሳብ ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ይገባል። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋናው ሐሳብ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው እንደ ቅርንጫፍ ይወጣል። ታብ ስትጫኑ ለያዛችሁት ሐሳብ ልጅ ይወልዳል፤ ኢንተር ስትጫኑ ወንድም። ስፔስ ባር ቅርንጫፉን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እንደገና መጻፍ ከሰለቻችሁ ኖትፓድ ላይ ርዕሶቹን በየመስመሩ ጻፉ፤ ንዑሶቹን በታብ ወደ ውስጥ አስገቡ። ኮፒ አድርጋችሁ ፍሪፕሌን ላይ ፔስት ስታደርጉት ራሱ ቅርንጫፍ ይሠራል።

የአስጎብኚውን ልጅ ጽሑፍ እንዲህ ስናየው ጉዱ ወጣ። «ሃይማኖታዊ ቦታዎች» የሚለው ቅርንጫፍ ስክሪኑን ሞልቶታል። «የከተማ ቅርስ» ሥር አይጠየፍ ብቻውን ቆሟል። ሐይቅስ? ገዳሙ ሃይማኖታዊ ነው፤ ሐይቁ ተፈጥሮ። የቱ ጋ ይግባ?

እኔ «እንግዳ ደሴ ሲገባ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሃል?» አልኩት። «በየት በኩል ልሂድ ነው የሚለኝ» አለ። በቃ፣ ዋናዎቹን ቅርንጫፎች በመንገድ ከፋፈልናቸው፦ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል፣ በወልድያ መንገድ። ገታ በኮምቦልቻ በኩል ገባ፤ ሐይቅ በወልድያ። ሁለት ቦታ የግድ መታየት ያለበት ነገር ካለ ፍሪፕሌን ክሎን የሚባል አለው። አንዱ ላይ ጽሑፉን ስታርሙ ሌላውም ይታረማል። ብዙ አታብዙት እንጂ፤ ካርታው ዝብርቅርቅ ይላል።

ሦስተኛው መልክ ትሪማፕ ነው። ቤን ሽናይደርማን የተባለ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ1990 እ.ኤ.አ. ያሰበው ነው። መነሻው 14 ሰው የሚጋራው ባለ 80 ሜጋባይት ዲስክ እየሞላ ማስቸገሩ ነበር። እያንዳንዱ ነገር በመጠኑ ልክ አራት ማዕዘን ይሆናል። ለድርሰት ብዙም አይጠቅምም። ለኮምፒውተር ግን ዊንዲርስታት የሚባለውን የትሪማፕ ፕሮግራም ጫኑ፤ ዲስካችሁን የበላው ፋይል ትልቁ ሳጥን ሆኖ ይታያል። እኔ ቤት ብዙውን ጊዜ የሠርግ ቪዲዮ ነው።

የቀረው ፊደሉ ነው። አማርኛው ፍሪፕሌን ላይ የማይነበብ ምልክት ከሆነባችሁ ምናልባት ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ አልተጻፈም ይሆናል፤ ያኔ የዩኒኮድ ፎንት መቀያየር አያድነውም። በዩኒኮድ ተጽፎ ካስቸገረ ግን ኤብሪማ ወይም ኒያላ የሚባለውን ፎንት ምረጡ። ለማሳተም ስትመጡ ካርታውን በፒዲኤፍ አውጥታችሁ አምጡት፤ ፍሪፕሌን ሁሉም ማተሚያ ቤት የለም።