ውኃ በሞላባቸው የየብስ ዋሻዎች ለመጥለቅ ከጎጃም የሚነሣ ሰው ጉዞውን እንዴት ያቅዳል?

የዋሻ ውስጥ የስኩባ (አየር በጋን ይዞ የመጥለቅ) ጉዞ ዕቅድ ከመመለሻው ቀን ቢጀምር ይሻላል፤ የጎጃም ሰው የሚመለሰው ወደ ከፍታ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በጥልቅ ውኃ ውስጥ የተነፈሱት ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ ግን፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚታየው፣ አረፋ ሆኖ ሊወጣና ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል፣ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ከአውሮፕላን ወርዶ ቤቱ ቢደርስም ያው ከፍታ ላይ ነው። የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12፣ ለደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው፤ እኔ ግን ሙሉ 24 ሰዓት እንዲቆዩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚታሰበው ሥልጠናው ነው። ጣና ደጃችን ስለሆነ ብቻ እዚያ መለማመድ አይገባም፤ ቢልሃርዝያና ጉማሬ አለበት፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት፣ ለባሕር ወለል ከፍታ የተዘጋጁት የጥልቀት ሠንጠረዦችም በዚህ ከፍታ ሳይስተካከሉ አይሠሩም። ዋናን በመዋኛ ገንዳ በሚገባ ይማሩ፣ የመጀመሪያውን የጠላቂነት ምስክር ወረቀት ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካሉ ማሠልጠኛዎች በአንዱ ያግኙ።

መድረሻ ሲመርጡ የሜክሲኮው የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ቀድሞ ይታሰባል። የኖራ ድንጋይ ጣሪያቸው የተደረመሰ፣ ሴኖቴ የሚባሉ ጉድጓዶች በዚያ በብዛት ይገኛሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሳክ አክቱንና ዶስ ኦሆስ የተባሉት የውኃ ውስጥ ዋሻዎች መረቦች መገናኘታቸው ሲረጋገጥ ርዝመታቸው በድምሩ 347 ኪሎ ሜትር ሆኗል። የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት ብቻ ያለው ሰው የቀን ብርሃን ከሚታይበት ክፍል ሳያልፍ፣ ከመሪ ጋር ብቻ መግባት አለበት፤ ብርሃን ወደማይደርስበት የሚዘልቀው የዋሻ ሥልጠና የጨረሰ ብቻ ነው። ይህን ወሰን ልል የሚያደርግ መሪ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ቢያጡም ይተዉት።

በጋን የሚያዘው አየር በሦስት ይከፈላል። 210 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይዞ የገባ ሰው መለኪያው 140 ሲያሳይ ይመለሳል፤ 70ው ለመግቢያ፣ 70ው ለመውጫ ሲሆን የቀረው ለጓደኛም ጭምር የሚበቃ መጠባበቂያ ነው። እያንዳንዱ ጠላቂ ሦስት የእጅ ባትሪ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን እስከ መውጫው ሳይቋረጥ የተዘረጋው መሪ ገመድ ነው፤ አንድ ያልተጠነቀቀ የእግር መቅዘፊያ ምት ደለሉን ሲያስነሣ፣ የራስን እጅ እንኳ ማየት ይሳናል። ይህን ቤትዎ ሆነው መለማመድ ይችላሉ፦ በግቢዎ ባሕር ዛፎች መካከል ሲባጎ ወጥረው፣ ዓይንዎን በነጠላ ሸፍነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀለበት ሠርተው ሲባጎውን ሳይጎትቱና ሳይለቁ ይከተሉት። ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ እጅዎ ምን ያህል እንደሚያመነታ ያኔ ይታወቅዎታል።

የቪዛውን ጉዳይ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ጆሮዎን፣ ሳንባዎንና ልብዎን ይመርመሩ፤ የጠላቂ ኢንሹራንስም ይግቡ። በአቅራቢያው የሚገኘውን የግፊት ሕክምና ክፍል (በአረፋው የተጎዳ ጠላቂ የሚታከምበት) ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፈው አንዱን ለመሪዎ ይስጡ፣ ሌላውን ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩ።